በሰው ቤት የበሰለው ዮሴፍ

በስመ አብ ወወልድ ወመንፈስ ቅዱስ አሐዱ አምላክ አሜን።

የተወደዳችሁ ምእመናን፣ በአል ቱማማና በአካባቢው የምንኖር ብዙዎቻችን ወደ አገር ቤት ደውለን ድካማችንን ስንናገር፣ «ቻሉት፣ መከራ ሰውን ያበስላል» እንባላለን። የሚሉን ለፍቅር ነው። ግን እውን መከራ በራሱ ሰውን ያበስላል? እኛ ያየነው ሁለቱንም ነው። በአንድ ቤት፣ ለአንድ ማዳም እኩል ዓመት ከሠሩ ሁለት እኅቶች አንዷ ርኅሩኅ ሆና፣ ሌላዋ ልቧ ደንድኖ ትወጣለች።

ጌታችን በዘሪው ምሳሌ (ማቴ. 13) በፀሐይ የመሰለው መከራንና ስደትን ነው። በጭንጫ ላይ የበቀለው በፀሐዩ የጠወለገው ሥር ስላልነበረው ነው። በመልካሙ መሬት ላይ የወደቀውም ከዚያው ፀሐይ አላመለጠም፤ እርሱ ግን ሠላሳ፣ ስድሳ፣ መቶ አፈራ። ዶሃ ላይ ሆነን ይህን ለመረዳት ሩቅ አንሄድም። ተምር የሚበስለው በሐምሌና በነሐሴ፣ እኛ ከበር ወጥተን መተንፈስ በሚያቅተን ጊዜ ነው። ዐረቦች የተምር ዛፍን ራሱ በእሳት፣ እግሩ በውኃ ነው ይሉታል። እግሩ ውኃ ካጣ ያው እሳት ያደርቀዋል።

ሥር የምንለው ደግሞ የግድ ትልቅ ነገር አይደለም። ዕቃ እያጠቡ የሚደገም አባታችን ሆይ ነው። በስልክ የሚነበብ የዕለቱ ውዳሴ ማርያም ነው፤ ለሰባቱ ዕለታት ተከፍሎ የተሰጠን በከንቱ አይደለምና። ከንስሐ አባት ጋር አለመቆራረጥም ነው። ዓርብ ዕረፍት ያገኘን ወደ አቡ ሃሙር እንሄዳለን፤ ከውጭ መስቀል ወደማይታይበት፣ ደወል ወደማይሰማበት ግቢ። (ዓርብን እንደ እሑድ መያዝ መጀመሪያ ግር ይለናል። ጌታ የተሰቀለበት ዕለት መሆኑን ስናስብ ግን ለስደተኛ የሚስማማ ቀን ነው።) ዓርብ እንኳ የማይፈቀድላቸው እኅቶቻችን ሥር የሚሰዱት እዚያው ኩሽና ውስጥ ነው፤ እግዚአብሔርም ያያቸዋል።

ነገር ግን «መከራ ያበስላል» የሚለው ቃል ግፍን መሸፈኛ ሲሆንም አይተናል። ደመወዟ ለወራት የተያዘባትን እኅት «መስቀልሽ ነው፣ ዝም በይ» ማለት ትምህርት አይደለም። መስቀል ስለ ክርስቶስ ፈቅደን የምንሸከመው ነው፤ የተከለከለ ደመወዝ ግን ዕዳ ነው፤ ጩኸቱም ወደ እግዚአብሔር እንደሚደርስ ቅዱስ ያዕቆብ ጽፎልናል (ያዕ. 5፥4)። ቅዱስ ጳውሎስ በፊልጵስዩስ ያለ ፍርድ ከተገረፈ በኋላ በስውር ውጣ ሲባል እምቢ ብሏል (ሐዋ. 16፥37)። በኋላም ይግባኙን ወደ ቄሣር አቅርቧል (ሐዋ. 25፥11)። በዚህ እምነቱ አልጎደለም።

የምንኖርበት አገር ሕግም፣ በፈረንጆቹ 2017 የወጣው፣ ለቤት ሠራተኛ በቀን ከ10 ሰዓት ያልበለጠ ሥራና በሳምንት አንድ ቀን ዕረፍት ደንግጓል። ከማርች 2021 ጀምሮ ዝቅተኛው የወር ደመወዝ 1,000 ሪያል ነው። ደጅ ለሚሠሩ ወንድሞቻችንም ከጁን 1 እስከ ሴፕቴምበር 15፣ ከጠዋቱ 4 ሰዓት እስከ 9 ሰዓት ተኩል በፀሐይ ላይ መሥራት ተከልክሏል። በየቤቱ ሁሉ ይፈጸማል አንልም። ቢሆንም መብትን መጠየቅ ከፀሐይ ወደ ጥላ መግባት ነው፤ ጥላ የፈለገ ሰው ደግሞ ኃጢአት አልሠራም።

ታዲያ መብሰላችንን በምን እናውቃለን? ዮሴፍም በሰው አገር የቤት አገልጋይ ነበር። የአሠሪው ሚስት በሐሰት ከሰሰችው፣ ታሰረም። ብዙ ጊዜ የምንሰብከው ከኃጢአት መሸሹንና የኋላ ሹመቱን ነው፤ በመካከል ያለችውን አንዲት ጠዋት እናልፋታለን። ዘፍጥረት 40 ላይ ዮሴፍ ማለዳ ወደ ሁለቱ የፈርዖን ሹማምንት ገባ፣ ፊታቸው እንዳዘነ አየ፣ ምን እንደሆኑም ጠየቃቸው። ሳያጠፋ የታሰረ ሰው የሌላውን እስረኛ ፊት ያያል! የራሱን በደልም አልካደም። በዚያው ምዕራፍ ያለ ጥፋቱ መታሰሩን ተናግሮ፣ ጉዳዩን ለፈርዖን እንዲያነሣለት የጠጅ አሳላፊውን ለምኗል። በደሉን ያውቃል፤ በደሉ ግን ዐይኑን አልጋረደበትም።

ከእኛ መካከል ገና የመጣች ልጅ ስታለቅስ፣ «እኛም አልፈንበታል፣ ትለምጂዋለሽ» ብለን የምናልፍ አለን። ያለፍንበት ሁሉ ለመጨከን ፈቃድ የሰጠን ይመስለናል። አጠገቧ ተቀምጣ አሥር የዐረብኛ ቃል የምታስተምራት፣ የኮንትራቷን ቅጂ እንድትይዝ የምትመክራት፣ እናቷ ጋር እንድትደውል ስልኳን የምታውሳት እኅት ግን በዮሴፍ መንገድ ላይ ናት፤ ቅኔ ማሕሌት ባትቆም፣ ስብከት ባታውቅም።

መብሰል አለማልቀስ እንዳይመስለንም። ዮሴፍ ከሹመቱ በኋላ እንኳ ብንያምን ሲያይ አንጀቱ ተላወሰ፤ ወደ ጓዳ ገብቶ አለቀሰ፣ ፊቱን ታጠበ፣ ራሱን ገታ፣ ወጥቶም ለወንድሞቹ ማዕድ እንዲቀርብ አዘዘ (ዘፍ. 43፥30-31)። ከእናታችን ጋር በቪዲዮ ከመነጋገራችን በፊት ፊታችንን የምንታጠብ ሁላችን ያችን ጓዳ እናውቃታለን።

ወስብሐት ለእግዚአብሔር።