ዝግባና ሻርክ

የሰው ልጅ የሚወደውን ይጠብቃል፥ የሚፈራውን ያጠፋል ይባላል። አባባሉ ግን ሁልጊዜ እውነት ሆኖ አይገኝም። ለዚህ ሁለት ፍጥረቶች ምስክር ይሆኑናል፤ አንዱ በጅማ ዙሪያ የምናውቀው ዝግባ፥ ሁለተኛው በቀይ ባሕር የሚገኘው ራሰ መዶሻ ሻርክ ነው።

ዝግባን የሚጠላ የለም። እንደ ጥድ አበባ ከሌላቸው ዛፎች ወገን ነው፤ ጣውላው ለመላግ የተመቸ ስለሆነ በር፥ መስኮትና ጠረጴዛ ይሠራበታል። የሚያጠፋውም ይኸው መወደዱ ነው። ዕድገቱ ዝግተኛ ነው፤ ወንዴውና ሴቴው ለየብቻ ስለሚበቅሉ፥ በእርሻ መካከል ብቻዋን የቀረች ሴቴ ዝግባ በአቅራቢያዋ ወንዴ ከሌለ በሕይወት ብትቆምም መካን ናት። በ1986 ዓ.ም. የወጣው የደን አዋጅም ዝግባን ከመንግሥት ደን እንዳይቈረጡ ከተከለከሉት ዛፎች ጋር ቈጥሮታል።

ሻርክን ግን የሚያዝንለት ጥቂት ነው። ራሰ መዶሻው በሩቅ ምሥራቅ ክንፉ ሾርባ ስለሚሠራበት ይጠመዳል፤ ለሌላ ዓሣ በተዘረጋ መረብም ይያዛል። እርሱም እንደ ዝግባ ዝግተኛ ነው፤ ሴቲቱ ለመውለድ የምትደርሰው ከብዙ ዓመት በኋላ ሲሆን፥ እርግዝናዋም አንድ ዓመት ያህል ይፈጃል። በ2019 እ.ኤ.አ. የዓለም የተፈጥሮ ጥበቃ ኅብረት ፈጽሞ ለመጥፋት እጅግ ከተቃረቡት ፍጥረቶች መካከል መዝግቦታል።

እንግዲህ አንዱ ተወዶ፥ አንዱ ተፈርቶ እኵል የሚጐድሉ ከሆነ፥ የጥፋታቸው ምክንያት ፍቅርም ጥላቻም አይደለም፤ የእጃችን ፍጥነት ነው። እነርሱ በዘመናት የሚተኩትን እኛ በአንድ ቀን እንወስዳለን።

«ባሕር አይቶ የማያውቅ የሰኮሩ ሰው ለሻርክ ምን ዕዳ አለበት?» የሚል አይታጣም። ጥያቄው ተገቢ ነው፤ መልሱን ግን ከደጃችን ካለው ዝግባ እናገኘዋለን። ሰው በዕድሜው ሊተካው በማይችለው ነገር ላይ ባለአደራ እንጂ ባለቤት ሊሆን አይችልም። ይህ ሕግ ፍጥረቱ ያማረ ይሁን የሚያስፈራ፥ ቅርብ ይሁን ሩቅ አይለይም። ዝግባውን በዚህ ሕሊና የጠበቀ ሰው፥ ያላየውንም ሻርክ ለመጥፋት አይፈርድበትም።

ደግሞም በመጥረቢያው ወይም በመረቡ ልጆቹን የሚያበላ ድኻ ብቻውን ሊወቀስ አይገባም። ከእርሱ አስቀድሞ ያዘዘው፥ የገዛውና የተገለገለበት ይጠየቃል። ይህን የምጽፍበት ጠረጴዛ ዝግባ ነው፤ ስለዚህ ጥያቄው ከእኔ ይጀምራል።