ለቤተሰብ የተባለ ሐሰት

ኒሺካንት ካማት በ2015 እ.ኤ.አ. ያዘጋጀው «ድሪሽያም» የተሰኘው የሂንዲ ፊልም የጎአ ነዋሪ የሆነ፣ ትምህርቱ ከአራተኛ ክፍል ያላለፈ አንድ አባት ይዞ ይነሣል። ልጁ፣ በስውር በቀረጸው ምስል ያስፈራራት የነበረውን ወጣት በድንገት መትታ ትገድላለች። አባትየው ሬሳውን ሰውሮ ቤተሰቡን አንድ ዓይነት ውሸት ያስጠናል። የሟች እናት ከፍተኛ የፖሊስ ባለሥልጣን ናትና ከዚያ ፍትሕ አይጠበቅም፤ ተመልካቹም ሳያመነታ ለአባትየው ያደላል፤ እኔም ጭምር። ይሁንና ትንሿ ልጅ በምርመራ ስትደበደብ የምናየው ምንድን ነው? ዱላው የፖሊሱ ነው፤ የተሸከመችው ምሥጢር ግን የአባቷ ነው። የሥልጣን ጭቆና ተራውን ሰው ወደ ሐሰት ይገፋዋል ብንል እንኳ፣ የሐሰቱን ዋጋ ማን ይከፍላል የሚለው ጥያቄ አይቀርም። በመጨረሻ የሟች ወላጆች የልጃቸውን ዕጣ ለማወቅ ይለምናሉ። የሚመለስላቸው ግን ዙሪያ ጥምጥም ቃል ነው፤ ሬሳው በአዲሱ ፖሊስ ጣቢያ ወለል ሥር ተቀብሯል።