ከሞኬቱ በታች

የመኪና የኋላ ዕቃ መጫኛ ሞኬት ቢቆሽሽ አጥቦ መመለስ ይሻላል ወይስ አውጥቶ በአዲስ መለወጥ? ጥያቄው ለጋራዥ እንጂ ለወጣቶች ውይይት የሚገባ አይመስልም። እኛ ግን የኅሊናም ጥያቄ ነው እንላለን።

ከወረኢሉ ወደ ደሴ በሚሄድ መኪና ቅቤ፣ የጤፍ ዱቄት፣ በርበሬ፣ አንዳንዴም የናፍጣ ጀሪካን አብረው ይጫናሉ። ጀሪካኑ ሲያፈስ ሞኬቱ ይጠጣዋል፤ ሽታውም በነጋታው ወደ ሌላ ሰው ዱቄት ይገባል። የጭነቱን ዋጋ የተቀበለው ባለመኪናው ነው፤ ዱቄቷን የምትደፋው ግን ምንም ያላጠፋች እናት ናት። ስለዚህ ይህን ማጽዳት የባለንብረቱ ፈቃድ ብቻ አይደለም፤ የሌላው ሰው መብት አለበት።

ሙያው እንዲህ ነው። በመጀመሪያ ሞኬቱን አንሥቶ ከሥሩ ያለውን ብረት ማየት ያስፈልጋል። እርጥበቱ የመጣው ካረጀ የመዝጊያ ጎማ ከሆነ፣ ጎማው ሳይለወጥ ሞኬቱን ማጠብ ከንቱ ድካም ነው። ቅቤ በደረቅ ጨርቅ ተነሥቶ በሳሙናና ለብ ባለ ውኃ ይታጠባል፤ ወተት ግን አስቀድሞ በቀዝቃዛ ውኃ ነው፤ ሙቅ ውኃ ያጣብቀዋልና። ከዚያ ፀሐይ ላይ ማድረቅ ነው። በሐምሌና በነሐሴ ደጋችን ጉምና ዝናብ ስለሚበዛበት፣ ቸኩሎ እርጥቡን መመለስ ሻጋታና ዝገት ያመጣል። የደጋ ሰው የበግ ጠጕር ባናውን አጥቦ ዓመታት እንደሚገለገልበት ሁሉ፣ መታጠብ የሚችለውን መጣል ብክነት ነው። ናፍጣ የዘለቀውና የበሰበሰው ግን ይለወጥ።

ፈተናው የሚከብደው መኪናው ሲሸጥ ነው። የዛገውን ወለል በአዲስ ሞኬት ሸፍኖ መሸጥ ላዩን አሳምሮ ውስጡን ለቄስ ማለት ነው። «አይቶ የገዛ ራሱ ይወቅ» የሚሉ አሉ። ነገር ግን ገዢው ያየው ሻጩ የፈቀደለትን ብቻ ከሆነ፣ እንዴት አይቶ ገዛ ይባላል? የ1952 ዓ.ም. የፍትሐ ብሔር ሕጋችንም ሻጭ ለሸጠው ዕቃ ጉድለት ኃላፊ መሆኑን ይደነግጋል። እውነቱን መናገር ዋጋ ያስቀንሳል፤ ሻጩም ልጆች የሚያሳድግ ድኃ ሊሆን ይችላል። ይህን አቅልለን አንመለከተውም። ሆኖም ገዢውም ተበድሮ የመጣ ሊሆን ይችላል። ጉዳቱ በመኪናው ከተገለገለው ሰው ወደማያውቀው ሰው የሚሻገረው በምን ፍርድ ነው?

እንግዲህ ወጣቶች፣ ማጠብም መለወጥም መልካም ነው። አስቀድመን ግን ገልጠን እንይ፤ የተበላሸውን እንጠግን፤ ያልተጠገነውን እንናገር።