ሆድ ይፍጀው

እኛ አማርኛ ተናጋሪዎች ሁሉን ነገር የምናስቀምጠው ሆዳችን ውስጥ ነው። ስናዝን አንጀታችን ይላወሳል፣ ስንረካ አንጀታችን ይርሳል፣ ምስጢር ሲሆንብን ደግሞ «ሆድ ይፍጀው» እንላለን። ዛሬ የማነሣው ግን የእውነተኛውን ሆድ ነገር ነው።

አጎቴ ከቡሬ ወጣ ብሎ ባለ ቀበሌ ገበሬ ነበሩ። በየካቲት 2010 ሆዳቸው እንደ ከበሮ ተነፋ። ያስመልሳቸዋል፤ ሰገራ ቀርቶ ፈስ እንኳ እምቢ አለ። ጠበሉም ፌጦውም ተሞክሮ በአራተኛው ቀን በቃሬዛ ወደ መኪና መንገድ ወረዱ፤ ሆስፒታል ገቡ። (የሆስፒታሉን ስም ተዉት፤ ጠቤ ከሐኪም ጋር አይደለም።) በእኛ አገር ገበሬ እንዲህ ሆኖ ሲመጣ ሐኪም ቶሎ የሚጠረጥረው የአንጀት መጠምዘዝን ነው። ሲከፈት ግን ሌላ ሆነ። ትርፍ አንጀታቸው ላይ ዕጢ በቅሎ፣ አጠገቡ ያለውን ቀጭን አንጀት ስቦና አጣብቆ መተላለፊያውን ዘግቶታል። ብርቅ ነገር ነው፤ ተቆርጠው ከሚወጡ መቶ ትርፍ አንጀቶች በአንዱ ገደማ ቢገኝ ነው። «ትርፍ» ብሎ ስም ያወጣለት ሰው ይህን አላሰበም።

ናሙናው ተልኮ ውጤቱ መጣ፤ ካንሰር ነው፣ ሆዳቸው ውስጥም ተሰራጭቷል። ሐኪሙ ዘመዶቹን ኮሪደር ላይ ጠርቶ ነገረን። እኛም በአንድ አፍ «ለእሳቸው እንዳይነገር!» አልን። «አያ፣ አንጀትዎ ታጥፎ ነበር፤ ተፈታ» ያልኳቸው እኔ ነኝ። «ተመስገን» አሉ።

ለምን ደበቅን? ተስፋ እንዳይቆርጡ ነዋ! ባህላችንም ነው እንላለን። እውን ባህላችን ነው? መርዶ በውድቅት ሌሊት አይነገርም፤ ጎሕ ሲቀድ፣ ዘመድ ተሰብስቦ ይነገራል። ይህ የአነጋገር ጥበብ እንጂ የመደበቅ ጥበብ አይደለም። ኑዛዜስ? ፍትሐ ነገሥቱ እንኳ ራሱን የቻለ አንቀጽ ሰጥቶታል። እንደሚሞት ያልተነገረው ሰው ምኑን ይናዘዛል?

ኦድሪ ሄፕበርን የምትባለውን የፊልም ተዋናይ የምታስታውሱ ትኖራላችሁ። በመጋቢት 1980 የዩኒሴፍ አምባሳደር ሆና የመጀመሪያ ጉዞዋን ያደረገችው በድርቅ ወደተጎዳው አገራችን ነበር። በመስከረም 1985 ሶማሊያን ጎብኝታ ስትመለስ ሆዷን ታመመች። በጥቅምት ስትከፈት ከትርፍ አንጀት የተነሣ ካንሰር ሆዷ ውስጥ ተሰራጭቶ ተገኘ። ዳግመኛ ስትከፈት ደግሞ ሊነሣ እንደማይችል ታወቀ። ተነገራት። ወደ ስዊዘርላንድ ቤቷ ተመለሰች፣ የመጨረሻ ገናዋን ከልጆቿ ጋር አከበረች፣ ጥር 12 ቀን 1985፣ በጥምቀታችን ማግስት፣ በ63 ዓመቷ አረፈች። «እሷ ሀብታም ናት፤ ከገበሬ ጋር ምን አገናኛት?» ትሉኝ ይሆናል። የወሰዳት አውሮፕላን በእርግጥ የሀብታም ነው። እነዚያ የመጨረሻ ሳምንታት ግን የራሷ ነበሩ።

ማወቅ የማይፈልግ ሰው የለም ማለቴ አይደለም። እኔም ተራዬ ሲደርስ ንገሩኝ ማለቴን እንጃ። ግን እሱንም መምረጥ ያለበት የታመመው ነው። «ውጤቱን ራስዎ ይስሙት ወይስ ለልጆችዎ ይነገር?» ብሎ መጠየቅ ምን ያህል ከባድ ነው? እኛ አልጠየቅንም። ፍቅር ነው ብለን ነበር፤ ዛሬ ሳስበው ከፍቅሩ ይልቅ ፍርሃቱ ይበዛ ነበር፤ ያውም የራሳችን ፍርሃት።

በሰኔ አያ በሬ በዱቤ ሊገዙ አማከሩኝ። በርበሬው ሲሸጥ ይከፈላል አሉ። ምን ልበል? «ይግዙ» አልኳቸው። በሬው ተገዛ። መሬቱን ለማን እንደሚሉ፣ ማን ምን እንዳለባቸው አልተናገሩም፤ ምን አስቸኮላቸው! ልጆቻቸው እስከ ዛሬ ስሟ የሰላም መንገድ በሆነች ከተማ፣ ፍኖተ ሰላም እየተመላለሱ ይካሰሳሉ። ነፍስ አባታቸው የደረሱት አንደበታቸው ከተያዘ በኋላ ነው።

አንደበታቸው ሳይያዝ፣ በኅዳር 2011፣ ሆዳቸው እንደገና መነፋት ሲጀምር አልጋቸው አጠገብ ነበርኩ። እጄን ያዙና «ልጄ፣ የተፈታ አንጀት ተመልሶ ይታጠፋል እንዴ?» አሉኝ።

«አዎ አያ፣ አንዳንዴ ይታጠፋል» አልኳቸው።