እንግዳ ናት ወይስ ጎረቤት?

ባለፈው ፋሲካ፣ እኛ የአንድ ዶርም አራት ልጆች፣ ዝዋይ (ዛሬ ባቱ በሚባለው ከተማ) አጠገብ ከአንዱ ጓደኛችን ቤተሰብ ዘንድ ጾም ፈታን። የጓደኛችን አባት ከሐይቁ በፓምፕ ውኃ እየሳቡ ሽንኩርት ያለማሉ። ልጃቸው ዩኒቨርሲቲ የደረሰው በዚሁ ሽንኩርት ነው፤ ያን ዕለት የበላነው የዶሮ ወጥ ቁሌትም ከዚያው ማሳ የወጣ ነበር። ይህን አስቀድመን የምንናገረው ያለ ምክንያት አይደለም። ከዚህ በታች የምንጽፈው ስለ አንዲት ወፍ ነውና፣ አንባቢ «እነዚህ ልጆች ጠግበዋል» ማለቱ አይቀርም። መጥገቡንስ ጠግበናል፤ በማን ሽንኩርት እንደ ጠገብን ግን ከወዲሁ ይታወቅልን።

በማግሥቱ ከሰዓት በኋላ ወደ ሐይቁ ወረድን። ከውኃው በላይ፣ ነፋሱን ፊት ለፊት እየተቀበሉ፣ ወዲያና ወዲህ የሚሉ ቀጠን ያሉ ትንንሽ ወፎች አየን። እንደ ሌሎቹ ዓሣ አጥማጅ ወፎች ተወርውረው ውኃ ውስጥ አይጠልቁም። ዝቅ ይሉና በምንቃራቸው ብቻ የውኃውን ፊት ነካ አድርገው፣ ያገኙትን ነፍሳት ይዘው ይነሣሉ። ገሚሶቹ ነጭና ግራጫ ናቸው፤ ገሚሶቹ ደግሞ ደረታቸው ላይ ጥላሸት የተረጨባቸው ይመስላሉ። ስማቸውን ብንጠይቅ ጀልባ የሚቀዝፈው ሰውዬ «የሐይቅ ወፍ ነዋ! ሌላ ምን ስም አላት?» አለን። መጽሐፍ የያዘው ጓደኛችን ገልጦ ገልጦ «ነጭ ክንፍ ተርን» አለ። እኛም ከዚህ ወዲህ ተርን እንላታለን፤ ምን ይደረግ።

ተርን ክብደቷ ከአንድ የዶሮ እንቁላል እምብዛም አይበልጥም። የምትወልደው ከምሥራቅ አውሮፓ እስከ ምሥራቅ እስያ በተዘረጋው ረግረግ ነው፤ በፖላንድ የቢየብዛ፣ በቤላሩስ የፕሪፕያት ረግረጎች ከዚህ ውስጥ ይቆጠራሉ። ጎጆዋን የምትሠራው መሬት ላይ ሳይሆን ውኃ ላይ በተንሳፈፈ ሣርና ቅጠል ላይ ነው። ብዙውን ጊዜ ሦስት እንቁላል ትጥላለች፤ ባልና ሚስት ሦስት ሳምንት ያህል ተራ በተራ ይታቀፋሉ፤ ጫጩቶቹም ከተፈለፈሉ ከሦስት ሳምንት በኋላ ገደማ ይበራሉ። ውኃው ካነሰ የብስ አውሬ ይደርስባቸዋል፤ በድንገት ከሞላም ጎጆው ይሰጥማል። ስለዚህ አምና የወለደችበት ረግረግ ዘንድሮ ካልተስማማት ትታው ሌላ ትፈልጋለች። የመውለጃ ልብሷ ደግሞ ሌላ ነው፤ አካሏ ጥቁር፣ ክንፏና ጅራቷ ነጭ። ጥላሸት ያልነው እንግዲህ ለመንገድ የጀመረችው የሠርግ ልብስ ኖሯል።

አሁን ወራቱ ይቆጠሩ። እዚያ ሰሜን የምትደርሰው በግንቦት ነው፤ በሐምሌና በነሐሴ ተመልሳ ትነሣለች። ከዓመቱ ሦስት ወር ያህል መሆኑ ነው። የመንገዱን ሳምንታት ስንቀንስ የተረፈውን ሁሉ የምትኖረው በደቡብ ነው፤ አብዛኞቹም በአፍሪካ። ገሚሷ በኛ የስምጥ ሸለቆ ሐይቆች ትቀራለች፤ ገሚሷ እስከ ደቡብ አፍሪካ ትወርዳለች። መጽሐፉ ግን ምን ይላታል? «የክረምት ጎብኚ» ይላታል። የማን ክረምት? ያኔ እኛ ዘንድ ጠራራ በጋ ነው! መጽሐፉን የጻፉት ሰዎች በራሳቸው መስኮት አይተዋታል፤ ከመስኮታቸው ስትሰወር «ልትጎበኝ ሄደች» አሉ። እኛም ቃላቸውን ተቀብለን በገዛ ቤቷ እንግዳ አደረግናት።

በአገራችን ሴት ልጅ የበኩር ልጇን ልትወልድ እናቷ ቤት ትሄዳለች። ታርሳ ስትመለስ «እንግዳ መጣች» የሚላት ሰው የለም፤ ቤቷ ገባች ነው የሚባለው።

አንዳንዱ አንባቢ «ስም ቢቀየር ምን ይለወጣል?» ይል ይሆናል። በኛ አስተያየት ብዙ ይለወጣል። ለእንግዳ የምንሰጠው ከራሳችን ላይ ቆርሰን ነው፤ ስንሰጥ ቸር እንባላለን፤ ባንሰጥ ቢበዛ ንፉግ እንባል ይሆናል እንጂ ሌባ አንባልም። እንግዳም የቀረበለትን ይበላል እንጂ «ድርሻዬ የታለ?» አይልም። ጎረቤት ግን ከአንድ ምንጭ አብሮን የሚቀዳ ነው። እሱን መከልከል ንፍገት አይደለም፤ የሰው ድርሻ መውሰድ ነው።

ማታ በቤቱ ደጃፍ ተቀምጠን ይህን ስናነሣ ጓደኛችን ተቆጣ። «ተርኗ ብትሞት ማን ያለቅስላታል? ፓምፑ ቢቆም ግን እናቴ ታለቅሳለች» አለ። ከኛ አንዱ «ዘሯ ሊጠፋ ነው» ሊል ቃጣውና መጽሐፉ አፉን አስያዘው፤ በዓለም ደረጃ ሊጠፉ ነው ከሚባሉት መዝገብ ውስጥ የለችም። እንዲያውም ደኅና ብዙ ናት። በበኩላችን ይህ ክርክሩን አቀለለው ሳይሆን አከበደው እንላለን። ግዴታችን የሚጀምረው ጥቂቶች ሲቀሩ ብቻ ከሆነ፣ ጥቂት እስኪቀሩ ድረስ እንደ ልባችን እንሁን ማለት ነውና።

ሌላው ደግሞ «ነፍሳት ትበላለች፤ ለገበሬው ትጠቅማለች» አለ። ጓደኛችን ሳቀ። «መድኃኒቱ ከሷ ይፈጥናል» አለ፤ መድኃኒት የሚለው ሽንኩርቱ ላይ የሚረጨውን መርዝ ነው። ያ መርዝ የሚገድለው ነፍሳት የተርኗ እራት መሆኑን ለጊዜው እንተወው። ግን እውነቱን ነው፤ ወፏን በጥቅሟ ያስቀጠራት ሰው፣ የበለጠ የሚጠቅም ዕቃ ሲመጣ ያሰናብታታል። በደመወዝ የቆመ ክብር ክብር አይደለም።

ከዚያ ወደ አውሮፓ ዞርን፤ እዚህ ላይ ጓደኛችን በረታብን። በቤላሩስ የፕሪፕያትን ረግረግ በተለይ ከ1960ዎቹ (እ.ኤ.አ.) ጀምሮ የሶቪየት መንግሥት በሰፊው አጠንፍፎ እርሻ አደረገው። እንግሊዞችም የምሥራቅ ረግረጋቸውን አድርቀው፣ የተርናችን ዘመድ የሆነችው ጥቁሯ ተርን በ19ኛው መቶ ዓመት እዚያ በየዓመቱ መውለዷን አቆመች። ሁሉም ለእንጀራ ነው ያደረጉት። «እነሱ አድርቀው በሉ፤ እኛን እንግዲህ ጹሙ ሊሉን ነው?» አለ። ምን እንመልስ? ስለ ኔዘርላንድ አነሣንለት። እዚያ ጥቁሯ ተርን ትወልድባቸው የነበሩት ተንሳፋፊ ተክሎች ከቦዮቹ ሲመናመኑ፣ ገበሬዎችና በጎ ፈቃደኞች በየጸደዩ ትንንሽ ታንኳ መሰል መደቦች ውኃው ላይ ያኖሩላታል፤ እሷም ትወልድባቸዋለች። ላሟም ትታለባለች፤ ወፏም ትፈለፍላለች። ደስ ይላል። ይሁንና ሰው በየዓመቱ ካላነጠፈላት መውለድ የማትችል ወፍ፣ አልጋ እንደያዘች በሽተኛ አትመስልም ወይ? እዚያ ሳይደረስ ማሰብ ይሻላል።

ክርክሩን ሰምተው ዝም ያሉት የጓደኛችን አባት ነበሩ። ያደጉት ወሎ ነው፤ በቦይ መስኖ። በዚያ የውኃ አባት እንደሚመረጥ፣ እሱም ለየማሳው ተራ እንደሚያወጣ ነገሩን። «ተራዬ ሲያልቅ ቦዩን ዘግቼ ለታችኛው እለቃለሁ። የታችኛው ጠላቴም ቢሆን እዘጋለሁ» አሉ።

«አባባ፣ እዚህስ ተራ የለም?» አልናቸው።

«ፓምፕ ምን ተራ ያውቃል? ናፍጣ ያለው ይስባል» አሉ።

ከዚያ ወዲህ ስለ ተርን ስናስብ ይህቺ ቃል አትለየንም። ዝዋይ ከመቂና ከካታር ወንዞች ይጠጣል፤ የተረፈውን በቡልቡላ ወንዝ ወደ አብያታ ይልካል። አብያታ መውጫ የለውም፤ የሚኖረው በሚደርሰው ብቻ ነው። ላይ በመስኖ ሲሳብ፣ ከራሱም ሶዳ ለማውጣት ውኃው ሲቀዳ፣ ዳርቻው እየሸሸ ሄደ፤ ዓሣው አለቀ፤ ሻላ ደሴት ላይ ወልደው ከአብያታ ዓሣ ይበሉ የነበሩት ፔሊካኖች ማዕዳቸው ታጠፈ። የታችኛው እንግዲህ ይኸው ነው፤ ሰውም ከብትም ወፍም አለበት። ስለሚፈልሱት የውኃ ወፎች መንግሥታት በ1995 (እ.ኤ.አ.) ሄግ ላይ ስምምነት አድርገዋል፤ ኢትዮጵያም አባል ናት። ወረቀቱ ግን ፓምፑ አፍ ድረስ አልወረደም።

እኛ ፓምፑ ይቁም አንልም፤ ልጁ ጓደኛችን ነው፣ ሽንኩርቱንም በልተናል። የምንለው ተራ ይውጣ ነው፤ ተራው ሲወጣም ናፍጣ መግዛት የማትችለዋ ከዝርዝሩ አትዘለል። ይህ ደግሞ ለአንድ ሽንኩርት ገበሬ ብቻ የሚጫን አይደለም። ሽንኩርቱ ረክሶ እንዲመጣለት የሚፈልገው የከተማ ሰው፣ እኛም ጭምር፣ ከተራው ውስጥ አለንበት።

ስንመለስ አንድ ነገር አይተናል። ከፓምፑ ግራና ቀኝ ሃምሳ እርምጃ ያህል ፊላ ሳይታጨድ ቆሟል፤ ተርኖች በላዩ ይመላለሳሉ፤ አንዳንዶቹም ፓምፑ የታሰረበት ግንድ ላይ ያርፋሉ። ደስ ብሎን «ለወፎቹ ትተውት ነው?» ብንል፣ ጓደኛችን «ኧረ ደለል እንዳይገባ ነው፤ ለፓምፑ ብለው ነው» አለን። ሳያስቡት የተደረገ በጎ ነገር በጎ ይባላል አይባልም በሚለው ላይ እስከ ሞጆ ተከራከርን፤ አልተስማማንም።

በግንቦት መጀመሪያ ጓደኛችን ቤቱ ስልክ ደውሎ ነበር። አባቱ «ያቺ የናንተ ወፍ ሄደች» አሉት። «አባባ፣ የኛማ አይደለችም፤ የእርስዎ ጎረቤት ናት» አላቸው። ሳቁና ስለ ናፍጣ መወደድ ያወሩት ጀመር።