መቃብር የሌላቸውስ እንዴት ይነሣሉ?

ከአምስቱ አዕማደ ምሥጢር የመጨረሻው ምሥጢረ ትንሣኤ ሙታን መሆኑን ሁላችንም ከልጅነታችን ጀምሮ ተምረናል። ቈጥራችሁ ተናገሩ ብንባል አንሳሳትም። ነገር ግን ልቅሶ ቤት ስንሄድ አፋችን የሚናገረው ሌላ ነው። «ሥጋውማ አፈር ነው፥ ምንም አይደለም፤ ዋናው ነፍሱ ናት» እያልን እናጽናናለን። ይህ አነጋገር መንፈሳዊ ይመስላል እንጂ የቤተ ክርስቲያንን ተስፋ ግማሹን ብቻ የያዘ ነው። ሥጋን እንደ ነፍስ እስር ቤት የሚቈጥረው ሐሳብ ከግሪክ ፈላስፎች፥ ይልቁንም ከፕላቶን የወረደ ነው። ቅዱስ ጳውሎስ በአቴና ሲያስተምር ከሰሚዎቹ አንዳንዶቹ ያፌዙበት ስለ ነፍስ ሲናገር ሳይሆን ሙታን ይነሣሉ ሲል ነበር።

ነገሩ ይበልጥ የሚከብደው ግን የሟቹ ሥጋ ያልተገኘ እንደ ሆነ ነው። በሚያዝያ ወር 2007 ዓ.ም. በሊቢያ ስለ ክርስትናቸው የተገደሉት ኢትዮጵያውያን ወንድሞቻችን መርዶ በተሰማ ጊዜ፥ ቤተሰቦቻቸው ያለቀሱት ፎቶግራፍ ይዘው እንጂ አስከሬን ከበው አልነበረም። በሜዲትራንያን ባሕር የሰጠሙትን፥ በበረሃ አሸዋ ውስጥ የቀሩትንማ ማን ቈጥሯቸው! በአገራችን ሟችን በደብሩ ቅጽር፥ ከዘመዶቹ አጠገብ ማሳረፍ ትልቅ ነገር ነው፤ ለዚህም ነው ዕድር የምንገባው። እንግዲህ ከመካከላችን አንዷ እኅታችን በጥናት ሰዓት «ዓሣ የበላውስ በምን ሥጋ ይነሣል?» ብላ ብትጠይቅ የሳቀ አልነበረም።

ጥያቄው ጥንታዊ ነው። በአውሮጳውያን አቈጣጠር በ177 ዓ.ም. በጋሊያ፥ ዛሬ ፈረንሳይ በምንላት አገር፥ በሊዮን ከተማ በክርስቲያኖች ላይ ስደት ተነሣ። ዕድሜው ከ90 ዓመት ያለፈው ኤጲስ ቆጶስ ፖቲኖስ ተደብድቦ በእስር ቤት ሞተ፤ ብላንዲና የተባለች ባሪያ ብዙ ሥቃይ ተቀብላ በአደባባይ ተገደለች። ገዳዮቹ በዚህ አልረኩም። አስከሬኖቹን ለ6 ቀን ሜዳ ላይ አስጥተው በወታደር አስጠበቁ፤ ገንዘብ ቢቀርብላቸውም ለቀብር አልሰጥም አሉ። በመጨረሻም አቃጥለው አመዱን ወደ ሮን ወንዝ ጠረጉት። ይህን ያደረጉት ክርስቲያኖቹ የትንሣኤ ተስፋ እንዳይኖራቸው ብለው እንደ ሆነ፥ አውሳብዮስ በቤተ ክርስቲያን ታሪክ መጽሐፉ ያቈየልን የዚያን ዘመን ደብዳቤ ይመሰክራል።

እነዚያ ሰዎች ከብዙዎቻችን በተሻለ አንድ ነገር ተረድተው ነበር፤ ክርስቲያን ተስፋ የሚያደርገው ሥጋንም ጭምር መሆኑን። የሳቱት ትንሣኤን የተበተነ ዕቃ እንደ መልቀም አድርገው ማሰባቸው ነው። ዕቃው ከጠፋ ሰውየውም የጠፋ መሰላቸው። እስቲ በሕይወት ያለውን ሥጋችንን እንመልከት። የደማችን ቀይ ሕዋሳት የሚኖሩት 120 ቀን ያህል ብቻ ነው፤ ያረጀው ይሄዳል፥ አዲሱ ይተካል። በ5 ዓመታችን በደም ሥራችን ሲመላለስ ከነበረው ደም ዛሬ አንዲት ሕዋስ እንኳ አልቀረችልንም። ሆኖም እናታችን ያን ልጅና ይህን ወጣት ሁለት ሰው አትለንም። ገና ሳንሞት ቅንጣቱ እየተለወጠ እኛነታችንን የጠበቀልን አምላክ፥ ከወንዝም ከዓሣ ሆድም በኋላ ይጠብቀን ዘንድ ምን ይከለክለዋል? መጀመሪያም ቢሆን ከአፈር ሲያበጀን የተረፈ ቍራጭ ፈልጎ አልነበረም።

ሐዋርያው ለቆሮንቶስ ሰዎች የሰጠው የዘር ምሳሌም ይህንኑ ያስረዳል። የተዘራችው ቅንጣት ፈርሳ ትቀራለች፤ የሚበቅለው አገዳና ቅጠል ያለው፥ እርሷን በመልክ የማይመስል ነው። ነገር ግን ስንዴ ዘርቶ ገብስ ያጨደ ገበሬ የለም። ለውጥ አለ፥ መለዋወጥ ግን የለም። አልዓዛርም ከመቃብር ወጥቷል፤ ይሁን እንጂ የተመለሰው ወደዚሁ ወደሚደክመው ኑሮ ስለ ነበር ዳግመኛ ሞቷል። እኛ የምንጠብቀው እንደ ጌታ ትንሣኤ ያለውን ነው። ጌታ በተዘጋ ደጅ ገባ፥ ደግሞም በደቀ መዛሙርቱ ፊት ዓሣ በላ። ከሁሉ የሚያስደንቀን ግን የችንካሩ ምልክት ነው። ሞትን ድል የነሣ ሥጋ ቍስሉን ማጥፋት እንዴት ያቅተው ነበር? አላጠፋውም፤ ለቶማስ ያሳየውም እርሱን ነው። የከበረው ያው የተወጋው፥ ያው የተቸነከረው ሥጋ ነበር። በሊቢያ የባሕር ዳርቻ የተቀላውም አንገት እንዲሁ ይታሰብ።

በእኛ አስተያየት ልጇን በባሕር ላጣች እናት «ሥጋ ምንም አይደለም» ማለት ጭካኔ ነው። ያጠባችው፥ ያጠበችው፥ ግንባሩ ላይ ያለውን ጠባሳ መቼ እንደ ወደቀ የምታውቅለት ሥጋ ነውና። ለእርሷ መቃብር የላትም። የሞተበትን ቀን እንኳ አታውቀውም፤ ተዝካሩን የምትቈጥረው መርዶ ከሰማችበት ዕለት ጀምሮ ነው። ቀኑ ሲደርስ ካህናቱ በጸሎት የክርስትና ስሙን ይጠራሉ። ያ ስም ደግሞ ለነፍሱ ብቻ የወጣ አይደለም፤ በ40 ቀኑ ውኃ ውስጥ ሲነከር፥ እያለቀሰ፥ ሥጋው አብሮ የተቀበለው ነው።