ያቺ አንዲት ቃል

ስንት ዘመን ክፍል ውስጥ ቆሜ፣ ነቢዩ ናታን ለንጉሥ ዳዊት የነገረውን ታሪክ «የምሳሌ ጥበብ» እያልኩ አስተማርኩ። ባለጠጋው የድሃውን አንዲት በግ ነጥቆ ማረዱን ሲሰማ ዳዊት በቁጣ ነደደ፤ ሞት ይገባዋል ብሎ ፈረደ። ኦርዮን አስገድሎ ሚስቱን የወሰደው ግን እሱ ራሱ ነዋ!

እኔስ? አንድ ጊዜ ክፍል ውስጥ የተከራከረኝን ተማሪ ውጤት ዝቅ አድርጌአለሁ። ስሕተት አልነበረም፤ አውቄ ነው። ዛሬም ስለ ሙሰኛ ሹም ስሰማ ደሜ ይፈላል።

ኃጢአት፣ ወዳጄ፣ ሕግ መጣስ ብቻ አይደለም፤ በሌላው ላይ እየፈረዱ ራስን አለማየትም ነው። ዳዊትን ከእኛ የሚለየው ንጽሕናው ሳይሆን «በደልኩ» ማለቱ ነው። እኛ «ሰው ነኝና» ብለን እናልፈዋለን። መሰበሩን ያላመነ በምን ይጠገናል?

ያ ተማሪ ዛሬ የልጆች አባት ይሆናል። መንገድ ላይ ባገኘው፣ ያቺን አንዲት ቃል ለመናገር ወኔው ይኖረኝ ይሆን?